ዘንግ የማይተወው ሰንበር

ሰኞ፣ 4

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለአንድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ሲዘጋ ደብተሩም ይዘጋል። በቀለም እጽፋለሁ፤ ስሳሳት በአንድ መስመር እሰርዛለሁ እንጂ አልፍቅም። እንዲህ ነው የተማርኩት።

ልጄ ትናንት በዚያ ሁሉ ሙቀት እጅጌው እስከ አንጓዋ የሚደርስ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስለ ልብስ የምመክርበት ጊዜ አልፏል። ሻይ ስትቀዳልኝ ግን እጅጌው ሸሸት አለና ክንዷ በልዞ አየሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ትራፒዝ ጀምሬያለሁ እማዬ።»

«ምን?»

«ሰርከስ ቤት። በሁለት ገመድ የታሰረ ዘንግ ላይ መንጠልጠል። ለጀርባ ጥሩ ነው አሉኝ።»

ልጄ በልጅነቷ ዥዋዥዌ ላይ ሲያስቀምጧት የምታለቅስ ነበረች።

አርባ ዓመት ስፌት ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ሳልለካ አልቆርጥም። ዛሬ ሄጄ ጠየቅሁ። ቦታው ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ያለ የድሮ መጋዘን ነው። ላብና ጎማ ይሸታል። አሰልጣኟ ሃምሳን ያለፈች፣ የቀለበት ጣቷ ከሥሩ የተቆረጠ ቀጭን ሴት ናት። ሁሉም «ሽቦ» ይሏታል፣ እሷም አቤት ትላለች። መዝገቧን ገልጣ የልጄን ስም አሳየችኝ። ለሦስት ወር ተመዝግባለች።

«ትመጣለች?»

«አንድ ቀን መጥታለች።»

«አንድ ቀን የመጣ ሰው እንዲህ ይበልዛል?»

«እትዬ፣ እኔ ምን ልበልዎት? የዘንግ ነገር በወሬ አይታወቅም። የልጅዎ ተራ ባዶ ነው፤ ይግቡና እሱ ራሱ ይንገርዎት» ብላ ሳቀች።

ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ «ረቡዕ ስንት ሰዓት ነው?» አልኳት።

ልጄ ውሸታም አለመሆኗን ለማረጋገጥ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ረቡዕ፣ 6

ዕድሜዬን ስነግራት ሽቦ ዘንጉን እስከ ደረቴ አወረደችው። ከሥሩ ወፍራም ፍራሽ አለ። ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው። አራት ሰከንድ ተንጠለጠልኩ፤ ክንዴ ከትከሻዬ የሚነቀል መሰለኝ። ወደቅሁ። እንደገና። ሦስት ሰከንድ። ወደቅሁ። ስወድቅ እጄን ዘረጋሁ፤ ሽቦ መዳፌን በጥፊ አለችው።

«እጅ አይዘረጋም። አንጓ የሚሰበረው እንዲህ ሲሆን ነው። አገጭ ወደ ደረት፣ ክርን ወደ ጎድን፣ ከዚያ መንከባለል። መጀመሪያ መውደቅ ይማራሉ፣ መያዝ ኋላ ነው።»

ከልጅነቴ ወዲህ መዳፌን የመታኝ አስተማሪ የለም። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «አመሰግናለሁ» ሊል ነበር ምላሴ።

ሐሙስ፣ 7

መስታወት ፊት ቆሜ በሜትር ለካሁ። መዳፍ፦ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። የጭን ጀርባ፣ ዘንጉ ላይ የተቀመጥኩበት፦ አንድ ሰንበር፣ ርዝመቱ አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር፣ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ። ክንድ፦ ምንም የለም።

ገና ጀማሪ ነኝ። የክንዱ ምናልባት ኋላ ይመጣል።

እሑድ፣ 17

ምሳ ልጄ ቤት። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ሲሚንቶ ነው። አምና ልጄ የአምስት ወር እርጉዝ ሆና የወደቀችበት ደረጃ ነው። ጨለማ ስለነበረ አላየችውም አለኝ አማቼ። «አሁን ወደቀች» ብሎ የደወለልኝ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።

አማቼ መነጽር ሠሪ ነው። ይህን የምጽፍበትን መነጽር የሠራልኝ እሱ ነው። ንጹሕ ሰው፤ ጥፍሩ የተከረከመ፣ ሰዓቱ የማይዛነፍ። የመረጥኩላት እኔ ነኝ፣ እንደ እኔ ጠንቃቃ ነው ብዬ። ገና ስገባ መነጽሬን ከፊቴ አንሥቶ ወለወለው፣ የላላውን ብሎን አጠበቀው።

«ያለ እኔ ምን ይውጥዎት ነበር እማዬ?» አለኝ።

ወጥ ቤት ውስጥ ልጄ ክዳን ጣለች። ከዚያ ድምፅ ጠፋ። እሱ አልዞረም። «እጇ ቅቤ ነው፤ የያዘችው ሁሉ ያመልጣታል» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ገበታው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ «ታዲያ በዚህ በቅቤ እጇ ነው ትራፒዝ የምትንጠለጠለው?» አልኩ።

ሹካውን ከሳህኑ ጎን አስቀመጠ፣ ቀጥ አድርጎ። «የምን ትራፒዝ?»

ልጄ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ጎረቤት ነው የነገረኝ ማለት እችል ነበር፤ ተሳሳትኩ ማለት እችል ነበር። መዋሸት አልተማርኩም። «ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ያለው ሰርከስ ቤት» አልኩት፣ አድራሻውን አሟልቼ።

ምሳው ጥሩ ነበር። አማቼ ክንዴን ደግፎ እስከ ታች ሸኘኝ።

ማክሰኞ፣ 19

ስልክ አታነሳም። በሦስተኛው እሱ አነሳ። «ጉንፋን ነው እማዬ። ድምጿ ተዘግቷል።»

የጉንፋን ወቅት አይደለም።

ረቡዕ፣ 20

ዛሬ ሥልጠናዬን ትቼ እሱ ሱቅ በሚውልበት ሰዓት ሄድኩ። በሩን ለመክፈት ብዙ ቆየች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች። ድምጿ የዛገ ማጠፊያ ይመስላል። የግራ ዓይኗ ነጩ በሙሉ ቀልቷል።

«ዓይንሽስ?»

«ሲያስለኝ ደም ሥር ፈንድቶ ነው። እሱ አይቶልኛል። ዓይን ሥራው አይደል?»

«አንገትሽ?»

«ትራፒዝ ነው እማዬ» አለች፣ ትምህርቱን ሳያጠና እንደሚመልስ ተማሪ።

ወንበር ላይ ሰማያዊ ቀሚሷ ተጥሏል። አነሳሁት። የላይኛው ቁልፍ የለም። ቁልፍ ከእርጅና ሲወድቅ ክሩ ይበጠሳል እንጂ ጨርቁ አይነካም። ይህ ግን ጨርቁን ይዞ ነው የሄደው፤ የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ትቷል። ተማሪዎቼን ሃያ ጊዜ ያስተማርኩት ነገር ነው፤ የተጎተተና ያረጀ አይምታታም። «ስጪኝ፣ እሰፋዋለሁ። ሌሎቹንም ባለ ረጅም እጅጌዎች አምጪ» አልኳት። ከሰማያዊው ጋር ሦስት ሆኑ።

ስወጣ «ምን አስቆጣሽው?» አልኳት። ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። አልሰርዘውም፤ ብሎታል አፌ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ሻንጣ ይዛ ቤቴ መጥታ ነበር። ከንፈሯ ተሰንጥቆ። «ትዳር ገበና ነው፤ ዝም አይነቅዝም። አባትሽም እጁ ፈጣን ነበር፣ ግን ቀበርኩት እንጂ አልፈታሁትም» አልኳት። የሻንጣው መያዣ ተበጥሶ ነበርና ቁጭ ብዬ በሰም በተነከረ ክር ሰፋሁላት፣ ድርብ አድርጌ። ከዚያ ሻንጣውን ራሴ ተሸክሜ መልሼ አደረስኳት። አማቼ በሩን ከፍቶ እጄን ሳመኝ።

ያ ስፌት እስከ ዛሬ አልተበጠሰም አለች።

ዓርብ፣ 29

ዛሬ በጉልበቴ ተንጠለጠልኩ። ራሴ ወደ ታች፣ ደሜ ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ። ሽቦ ወገቤን ይዛ ቆጠረች። አሥራ አንድ። ስወርድ አስመለሰኝ።

የጉልበት ጀርባ፦ ሁለት ሰንበር፣ ጎን ለጎን፣ ቀጥ ያሉ። ክንድ፦ ምንም። አንገት፦ ምንም።

ዝናብ ጀምሯል። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሽቦ ድምፅ አይሰማም፤ በጥፊ ነው የምታስተምረኝ።

አዲስ ወር። ረቡዕ፣ 4

ልጄ ገበያ በር ላይ። ሁለት ደቂቃ ብቻ። ቶሎ መመለስ አለባት፣ ባሏ ሰዓቷን ይይዛል። ሻንጣ እንደመያዝ አድርጋ ዘንቢሉን በግራ እጇ ያዘች። ቀኟን አታጥፈውም። «ደህና ነኝ» አለች ሳልጠይቃት።

ረቡዕ፣ 11

ዛሬ ከያዡ ጋር አሠሩኝ። ያዥ ማለት ከሌላው ዘንግ በጉልበቱ ተዘቅዝቆ፣ የሚመጣውን በሁለት እጁ የሚቀበል ሰው ነው። የኛ ያዥ ሰፊ ሰውዬ ነው፤ «ግንዱ» ይሉታል። ቀን ቀን የአውቶቡስ ጎማ ይቀይራል። ለእኔ መብረር የለም፤ ወገቤን በቀበቶ ታስሬ ከሣጥን ላይ ሆኜ ዘንጉን መልቀቅ ብቻ። እሱ «ነይ» ሲል እለቃለሁ፣ አንጓዬን ይይዛል።

«ነይ» አለ። ለቀቅሁ። ግን አላመንኩትም፤ እኔው ቀድሜ አውራ ጣቱን ጨምድጄ ያዝኩት። ቋ አለ። ሁለታችንም ፍራሹ ላይ ተከመርን። ፊቱ በላብ ታጥቦ ጣቱን አየ፣ ከዚያ ሳቀ።

«እማማ፣ ይያዙኝ አልኩ እንዴ? እይዝዎታለሁ ነው ያልኩት። እጅዎን ሰጥተው ዝም ይበሉ። የሚይዝ እኔ ነኝ።»

ሽቦ የተቆረጠ ጣቷን አሳየችኝ። «የኔ ጣት የሄደው እንደ እርስዎ ባለ ጠንቃቃ ነው» አለች።

ጣቱን በጨርቅ አስሮ እንደገና ተንጠለጠለ። በሦስተኛው እጄን ሰጥቼ ዝም አልኩ። ያዘኝ። ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ እጄን ስዘረጋ የተቀበለኝ ማስመሪያ ወይም ቀበቶ ነበር። ለምን ይህን እንደጻፍኩ አላውቅም።

ሐሙስ፣ 12

አንጓዬ ላይ አራት የጣት ምልክት፣ በወዲያ በኩል አንድ አውራ ጣት። በሁለቱም እጅ እኩል።

ትናንት ማታ ይህን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። እጅም ምልክት ይተዋል ማለት ነው፣ ዘንግ ብቻ አይደለም። የልጄም ከያዡ ይሆናል አልኩ። ይህን ይዤ ተኛሁ።

ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ አሰብኩት። ክንድ እሺ። አንጓ እሺ። አንገት የሚይዝ ያዥ ግን የለም።

ሰኞ፣ 16

ግንዱን ጠየቅሁት። «ልጄን ይዘሃት ታውቃለህ?»

«የርስዎን ልጅ? ዘንጉንም አልነካች። እዚያ ጥግ ተቀምጣ ስታይ ነው የዋለችው» አለኝና ወደ ሽቦ ዞረ። «ንገሪያቸው እንጂ።»

ሽቦ ነጩን ዱቄት እጇ ላይ እያሸች መሬት መሬት አየች። «አንድ ነገር ጠይቃኝ ነበር፤ ቀልድ መስሎኝ። ሰው ከደረጃ ሲገፈትረኝ ሳልሰበር እንዴት ልውደቅ አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«አገጭ ወደ ደረት፣ ክርን ወደ ጎድን። ለእርስዎ ያልኩትን። ረቡዕ ነይ አልኳት። አልመጣችም።»

ልጄ ለመብረር አልነበረም የተመዘገበችው። መውደቂያ የሚያስተምራት ሰው ፍለጋ ነው። እኔ ደግሞ አድራሻውን አሟልቼ ነገርኩት።

ቅዳሜ፣ 21

ሦስቱን ቀሚሶች ዛሬ መለስኩ። እጅጌዎቹንና አንገቶቹን ፈትቼ እንደገና ገጥሜያቸዋለሁ፣ ግን በሽልልታ ብቻ፤ ይህ ልብስ ከመሰፋቱ በፊት ለልክ ብቻ የሚያዝበት፣ በጣት ሲጎትቱት የሚተረተር ስፌት ነው። በአርባ ዓመት ሥራዬ ያልጨረስኩት ልብስ ከእጄ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ክር አልቆብኝ ነው።

«ነገ ሰማያዊውን ልበሺ» አልኳት።

«ለምን?»

«ያምርብሻል።»

ሰኞ፣ 23

መነጽር የለኝም። መስመሩ አይታየኝም። ጎድኔ ተሰንጥቋል። ልጄ እዚህ ናት። በአልጋዬ። ነገ እጽፋለሁ።

ረቡዕ፣ 25

ሽቦ ያመጣችልኝን የማንበቢያ መስታወት ይዤ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ትልቅ ይሆናል።

እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ደረጃው መሐል ስደርስ የልጄን ድምፅ ሰማሁ፤ ጩኸት አልነበረም፣ ሰው ራሱን ከግድግዳ ጋር ሲያጋጩት የሚያወጣው አጭር ድምፅ ነው። አውቀዋለሁ። በሩን በጡጫ መታሁ። አማቼ ከፈተ። ነጭ ሸሚዙ አልተጨማደደም።

«እማዬ፣ ትንሽ አለመግባባት ነው። ነገ ይምጡ።»

«ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ የመለሱልኝ?» አለ። እውነቱን ነው።

«እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ እወስዳታለሁ።»

ልጄ ከኋላው ቆማለች፣ ሰማያዊውን ለብሳ። ከጆሮዋ ደም ይንጠባጠባል፣ አንገቷ በጣት ምልክት ቀልቷል። ልገባ አንድ እግር አነሣሁ። መነጽሬን ከፊቴ አወለቀው፣ ሁልጊዜ ሊወለውለው እንደሚያወልቀው በቀስታ፣ መሬት ጣለና ረገጠው። ከዚያ በሁለት መዳፉ ደረቴን ገፋኝ።

ከኋላዬ ደረጃው ነበር።

እጄን አልዘረጋሁም። አገጭ ወደ ደረት፣ ክርን ወደ ጎድን። ሲሚንቶው ጀርባዬን፣ ዳሌዬን፣ ጎድኔን እየመታ አሳለፈኝ። አሥራ አንዱንም ደረጃ ቆጠርኩ። ማረፊያው ላይ ተንከባለልኩና ቆምኩ። አፌ ውስጥ ደም ነበር። አንጓዬ ደህና ነበር።

ቀና ስል ያለ መነጽር ሁለቱም ብዥታ ናቸው፤ አንዱ ነጭ አንዱ ሰማያዊ። ሰማያዊው ደረጃው ጫፍ ላይ ደርሷል። ነጩ እጅጌዋን ይዟታል። እጄን ወደ ላይ ሰጠሁ።

«ነይ» አልኳት።

አልመጣችም። ከሁለት ዓመት በፊት መልሼ ያስረከብኳት ሰው ነኝ፣ ለምን ታምነኛለች?

«ነይ። እይዝሻለሁ።»

ለቀቀች። እሱ በሙሉ ኃይሉ ጎተተ። ስፌቱ ሲተረተር ከታች ሆኜ ሰማሁት፤ እጅጌው ከትከሻዋ ላይ ተላቆ እጁ ውስጥ ቀረ፣ እሱም ወደ ኋላው ተዘርሮ ራሱ ከበሩ ደፍ ጋር ተጋጨ። ልጄ ደረጃውን እየተንደረደረች መጣች። አንጓ ለአንጓ ያዝኳት። ክብደቷ ጎድኔን ሲሰነጥቀው ተሰማኝ። አልለቀቅሁም።

ጎረቤቶች በራቸውን ከፈቱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንዷ «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» አለች። ልጄን ደግፌ መውረዴን ቀጠልኩ።

ሰኞ፣ 30

ፖሊስ ጣቢያ፣ ከልጄ ጋር። ጸሐፊው ብዕሩን እያሽከረከረ «እማማ፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ ይታረቃሉ። ደግሞ እሱም ራሱ ተፈንክቷል። እሷ ስፖርት ትሠራለች፣ ከዚያ ነው የበለዘችው ይላል» አለኝ።

ይህን ደብተር ገልጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሁለት ወር ዘንግ ላይ የዋለ ሰውነት የት የት እንደሚበልዝ፣ በቀንና በሳንቲ ሜትር። ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ሰንበሩን አሳየሁት። ከዚያ የልጄን ሻርፕ ፈታሁ።

«ይህንን ያደረገ የትኛው ዘንግ ነው ልጄ? አንተ ንገረኝ።»

ብዕሩን ማሽከርከር ተወ። ሌላ ወረቀት አወጣ፣ ከላይ ጀመረ።

አማቼ ከሰዓት በኋላ በመልእክተኛ አዲስ መነጽር ልኮልኛል። ልኩ አልተዛነፈም። ከነማኅደሩ መለስኩት።

አዲስ ወር። ረቡዕ፣ 2

ሽቦ እኔን ለስድስት ሳምንት ከዘንግ ከለከለችኝ። ልጄ ሣጥኑ ላይ ቆመች። ግንዱ ተዘቅዝቆ «ነይ» አላት። አልቻለችም። ተቀምጣ አለቀሰች። ግንዱ እዚያው ተዘቅዝቆ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ «እኔ እንደሆን ቸኩዬ የምሄድበት የለኝም እህቴ» አላት። በእንባዋ መሐል ሳቀች።

ሐሙስ፣ 10

ግንዱ ከሁለት ጎማ ጠጋኞች ጋር ሄዶ የልጄን ዕቃ አወጣላት። በአንድ ሻንጣ አለቀ።

ምሽት ላይ ልጄ አንድ እጅጌ የሌለውን ሰማያዊ ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች።

«እማዬ።»

«ምን?»

«አንቺ የሰፋሽው ነገር ተተርትሮ አይቼ አላውቅም።»

«ክር አልቆብኝ ነው።»

መሳቢያዬን ሳበችው። ስልሳ ያህል ጥቅል ክር አለ፣ በቀለም በቀለሙ የተደረደረ። እሱን አየች፣ እኔን አየች። መሳቢያውን መልሳ ዘጋችው።

እሷ ስትተኛ ሻንጣውን ጉልበቴ ላይ አወጣሁት። መያዣው እንደሰፋሁት ነው፤ ድርብ፣ በሰም፣ አንድም አልላላም። ያለ መነጽር በጣቴ እየዳሰስኩ በስፌት መፍቻው ምላጭ መፍታት ጀመርኩ። ጥሩ ስፌት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ሁለት ጊዜ ጣቴን ቆረጠኝ።

አርባ ስድስት ስፌት ነበር። አርባ ስድስቱንም ፈታሁ።